ከ29 እስከ 29

ጥር 29 ቀን ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት በነጠላ የሸፈኑትን ድፎ ዳቦ አቅፈው ነበር። ረዳቱ «እማማ፣ የምን ድግስ ነው?» ቢላቸው «የልደት» አሉት። «ገና እኮ አለፈ!» «ላንተ ይለፍ።» ታክሲው ሳቀ፤ እኔን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ።

ባዛሩን፣ ጥጥ እንደ በረዶ የተበተነበትን የፕላስቲክ ጥድ፣ በጠራራ ፀሐይ ቀይ ካፖርት ደርቦ ፎቶ የሚነሣውን የገና አባት አንባቢ ያውቃቸዋል። ሰባኪያን በየዓመቱ ይወቅሳሉ፤ ወቀሳው ከጥዱ ጋር ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን ግን ልደትን ለአንድ ቀን ብቻ አልተወችውም። በየወሩ 29 በዓለ ወልድ ነው።

የቀኑ አመጣጥ ራሱ ደስ ይላል። ብሥራት መጋቢት 29 ነው፤ ከዚያ 275 ቀን፣ ማለትም ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ ሲቆጠር ታኅሣሥ 29 ላይ ያርፋል። ጳጉሜን ስድስት ስትሆን ግን ያቺ ትርፍ ቀን ቁጥሩ ውስጥ ስለምትገባ፣ በሚቀጥለው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት ታኅሣሥ 28 ይከበራል። በ2012ም በ2016ም እንዲሁ ነበር። የትንሣኤ ጥንተ በዓልም መጋቢት 29 ነው። ስለዚህ በየወሩ 29 ጽንሰቱም ልደቱም ትንሣኤውም አብረው ይታሰባሉ። ይህን ያስረዱኝ መሪጌታ ባሕረ ሐሳብ ከጀመሩ ቶሎ የሚለቁ ሰው አይደሉም፤ እኔም እንዲለቁ አልፈለግሁም።

ይህ ሁሉ ስሌት ወደ ሰው ቤት የሚገባው በጽዋ ማኅበር ነው። ተረኛዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትጋግራለች። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይቆርሳሉ፤ ደጅ የመጣ ነዳይ ይካፈላል፤ ጽዋውም በእልልታ ወደ ቀጣይዋ ባለ ተራ ይሸኛል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ድግሱ የጾም ይሆናል እንጂ አይቀርም።

የሚኒባሷ እናትም እንዲህ ያለ ማኅበር አላቸው፤ ማኅበርተኞቹ ድሮ በአንድ መንደር፣ በግድግዳ የሚዋሰኑ ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ግማሾቹ ጀሞ፣ ግማሾቹ የካ አባዶ፣ ሌሎቹ ቱሉ ዲምቱ ገቡ። «በገናማ ዶሮ ያሸተተው ሁሉ ክርስቲያን ነው» አሉኝ። «እኔ የማየው በየካቲት 29 ማን እንደመጣ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጋን ይዤ ስወጣ ማን እንደሚያግዘኝ ነው የማየው።» ደግሞም፦ «ጌታ በበረት ተወለደ ይሉናል፤ እኛ ግን ነዳይ በረንዳችን ላይ ቢቀመጥ ጥበቃው ያባርረዋል።»

ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር እውነት ናት። ባየሁት የኮንዶሚኒየም ግቢ የማያውቁት ሰው በር ላይ ይመለሳል። ለማረድና ለመደገስ የተሠራው ኮሙናል ደግሞ ተቆልፏል፤ እቃ ማከማቻ ሆኗል ይላሉ ነዋሪዎቹ። ማኅበርተኞች በወር አንድ ቀን እንዲገለገሉበት ይፈቀድ እንደሆነ የሚመለከተውን ኃላፊ ጠየቅሁ። «በስልክ አይሆንም» አሉኝ። ቢሯቸው ስሄድ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ጥያቄዬን በጽሑፍ ብተውም መልስ አልመጣም።

መራራቁ ያስከተለው ብዙ ነው። የትራንስፖርት ወጪው ከድግሱ ጋር ይፎካከራል፤ ሥራ የሚውሉ ልጆች የእናታቸውን ተራ አይወርሱም፤ በየወሩ 29 ደጅ የሚያውቁ ነዳያንም ደጁን አጥተዋል።

አንዳንድ ማኅበራት ጽዋቸውን ወደ ደብር ሰንበቴ ቤት ወስደዋል። የእኚህ እናት ማኅበር ግን አሁን የሚከራከረው ቀኑን ወደ እሑድ በማዛወር ላይ ነው። ወጣቶቹ አባላት ካልተዛወረ መምጣት አንችልም ይላሉ፤ ምክንያታቸው አያስወቅስም። እሳቸው «እሑድ የራሱ ሰንበቴ አለው፤ 29ን ከነጠቃችሁን ምኑን ልናከብር ነው?» ብለው እምቢ አሉ። የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ውሳኔውን ለሚቀጥለው ተራ አሳድረውታል። ተረኛዋ የቱሉ ዲምቱዋ ናት።