በማሽላ አገዳ ውስጥ ያለችው የገበሬው ረዳት

በጀውሃና በሸዋሮቢት አካባቢ የማሽላው የመሐል ቅጠል ደርቆ ሲታይ አርሶ አደሩ አገዳ ቆርቁር መግባቱን ይጠረጥራል። አገዳውን ሰንጥቆ ሲመለከትም ውስጡን እየቦረቦረ የሚበላውን ትል ያገኛል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከትሉ አጠገብ ከሩዝ ፍሬ ያነሱ፣ እንደ ጥጥ የነጡ ጥቅሎች ተከማችተው ይታያሉ። የተባይ እንቁላል መስለውት ሊጨፈልቃቸው ይችላል።

ጥቅሎቹ ግን የወዳጅ ናቸው። ባለቤታቸው ኮቴሲያ ፍላቪፐስ የተባለች ጥገኛ ተርብ ናት። ርዝመቷ ሦስት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው አትነድፍም። ትሉ በቦረቦረው ቀዳዳ ገብታ እንቁላሎቿን በገላው ውስጥ ትጥላለች። እጮቿ ትሉን ከውስጥ እየተመገቡ ያድጉና በሁለት ሳምንት ገደማ ቆዳውን በስተው በመውጣት ነጩን ጥቅል ይሠራሉ፤ ትሉም ይሞታል። ከጥቅሉ የሚወጡት ተርቦች ደግሞ ሌላ ትል ፍለጋ ይሰማራሉ።

በቆላማ አካባቢዎች ማሽላና በቆሎን ከሚያጠቁት አገዳ ቆርቁሮች ዋነኛው ከእስያ የመጣ ነው። ተርቧም የእስያ ተወላጅ በመሆኗ፣ ናይሮቢ የሚገኘው ኢሲፔ የተሰኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ለቀቃት። በኢትዮጵያ ሳትለቀቅ በ1999 በአገራችን ማሳዎች ተገኘች፤ ተመራማሪዎች ከሶማሊያ በኩል እንደተሻገረች ይገምታሉ። መጤ ተምች በ2017 ወደ ኢትዮጵያ ከገባ በኋላም ዘመዷ ኮቴሲያ ኢሲፔ ተምቹን ስታጠቃ በበቆሎ ማሳዎች ተመዝግቧል።

ይህ ለአርሶ አደሩ የገንዘብም ጉዳይ ነው። ትሉ አገዳ ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ ኬሚካል አብዛኛውን ጊዜ አይደርስበትም፤ ውጭ የምትበረውን ተርብ ግን ይገድላል። ገበሬው ገንዘቡን አውጥቶ ረዳቱን ያጣል ማለት ነው።

እርግጥ ተርቧ ብቻዋን ተባዩን አታጠፋውም። ስለዚህ ከርጭት በፊት ማሳውን መዞር፣ የተጎዱ ጥቂት አገዳዎችን ሰንጥቆ ማየት፣ ነጭ ጥቅል ከተገኘም ሳይጨፈልቁ በማሳው መተው ይገባል። ሽንኩርት ወይም ማሾ ሲረጭ ነፋስ ኬሚካሉን ወደ ማሽላው እንዳይወስደው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በማሳ ዳር የሚያብቡ ዕፅዋትም ለተርቧ ምግብ ስለሚሆኑ ሁሉንም አለማጥፋት ይጠቅማል። ከአጨዳ በኋላ ደግሞ አገዳውን ለመኖ ወይም ለቤት መሥሪያ ከመከመር በፊት ለአራት ሳምንታት ያህል መሬት ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ማስመታት፣ በውስጡ ቆይተው ለቀጣዩ ክረምት የሚተርፉትን ትሎች ይቀንሳል።

የሚረጨውን ከመግዛት በፊት አንድ አገዳ ሰንጥቆ ማየት ወጪ የለውም።