ዋልያስ፦ ያለ ድምፃዊ የገነነ ባንድ

እንፍራንዝ ውስጥ ሰርግ ተደግሶ አዝማሪ ሲመጣ የሰው ጆሮ የሚያርፈው ግጥሙ ላይ ነው። ማሲንቆው ቢያምር ደስ ይላል፤ አዝማሪው የሚወደሰውም የሚሸለመውም ግን በስንኙ ነው። ታዳሚው ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱ ተቀብሎ ያዜመዋል፣ ሰሙን የሰማ ይስቃል፣ ወርቁ የገባው ደግሞ ብር አውጥቶ ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ጎንደር ከተማ አጠገብ ያለችው የአዝማሪዎች መንደር ቡርቧክስም ስሟ የሚነሳው በዚሁ ሙያ ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ሰው ቃል የሌለበት ዘፈን ሲሰማ ዘፋኙ የት አለ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

ዋልያስ ባንድን ለማስተዋወቅ የተነሳሁት ይህን ጥያቄ ይዤ ነው። ባንዱ የተመሠረተው አዲስ አበባ ነው፤ ስሙ ግን የእኛው የሰሜን ተራሮች እንስሳ፣ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የሌለው ዋልያ ነው። እነዚህ ሙዚቀኞች ግጥም በነገሠበት አገር ግጥም የሌለው ሙዚቃ ተጫውተው ሰው ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጣቸው አደረጉ። በዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት አላውቅም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑን እናስታውስ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ አገር ግላም ሮክ የሚባለው ሙዚቃ ፈልቶ ነበር። እነ ቲ. ሬክስ፣ እነ ስሌድ፣ እነ ዴቪድ ቦዊ የሚያብለጨልጭ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ተኳኩለው፣ ታኮው የረዘመ ጫማ ተጫምተው መድረክ ላይ ሲወጡ ወጣቱ ያብድላቸው ነበር። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባም የራሷ ድምቀት ነበራት። ጎፈሬው ተንጨፍርሯል፣ ቤል ቦተም ሱሪው መሬት ይጠርጋል፣ የምሽት ክበቦቹ ይደምቃሉ። ልዩነቱ የእኛዎቹ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ በጦር ሠራዊት፣ በፖሊስና በክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍሎች ተኮትኩተው ያደጉ መሆናቸው ነው። ያ ሥርዓት የተጀመረው ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም አርባዎቹን የአርመን ልጆች ካስመጡና ኬቮርክ ናልባንዲያን አሠልጣኛቸው ከሆነ በኋላ ነው። የናስ ትንፋሽ መሣሪያ በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ሥር የሰደደውም በዚያው መንገድ ነው።

የዋልያስ ኦርጋን ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣ ነው። በ1946 ደብረ ብርሃን አካባቢ ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ ገባ፤ ገና አሥራ አራት ዓመት ሲሆነውም በጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ተቀጠረ። ከዚያ ወጥቶ በየክበቡ ሲጫወት ቆየና ቬነስ በሚባለው የምሽት ክበብ ይሠሩ ከነበሩ ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዋልያስን መሠረተ። ግርማ በየነ ፒያኖ ይጫወታል፣ ያቀናብራል፣ ይደርሳል። ሞገስ ሃብቴ ሳክስፎንና ዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ ትራምፔት፣ መላከ ገብሬ ቤዝ ጊታር፣ ማህሙድ አማን ጊታር፣ ተማረ ሐረጉ ድራም ያዙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የባንድ መሣሪያ የሚገዛው የክበቡ ባለቤት ነበር። መሣሪያው የባለቤቱ ከሆነ ሙዚቀኛውም የባለቤቱ ነው፤ ሲጣሉ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያሶች ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። ኦርጋኑም ድራሙም የራሳቸው ስለሆነ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄዱ ባንዱ አይፈርስም። ከዚያም ነው አዲስ አበባ ሒልተን ገብተው ለዓመታት የሠሩት።

የሒልተን ሥራ ሰፊ ጆሮ ይጠይቃል። እንግዳው ዲፕሎማት አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ለሠርጉ አዳራሽ የተከራየ የአገር ሰው አለ። በእራት ሰዓት ለስለስ ያለ የውጭ ሙዚቃ ይፈለጋል፤ ሌሊቱ ሲገፋ ደግሞ ሰው የሚጨፍርበት የአገሩ ሙዚቃ። በዚህ መሐል የ1974 አብዮት መጣ። ደርግ የሰዓት እላፊ ሲያውጅ ሰው በሌሊት መንገድ ላይ መገኘት ስለማይችል የምሽቱ ታዳሚ እስኪነጋ እዚያው ይቆያል፤ ባንዱም አብሮት ያድራል። ከተማው ተዘግቶ፣ ውጭ ጥይት እየተሰማ፣ አንድ ባንድ ሌሊቱን ሙሉ ለእነዚያው ሰዎች ሲጫወት ሙዚቃው መርዘሙ፣ መደጋገሙና ወደ ውስጥ መጥለቁ አይቀርም። የዋልያስ ሸክላዎች ላይ የሚሰማውን ትዕግሥት ሳዳምጥ እነዚያ ሌሊቶች ይታሰቡኛል።

አሁን ወደ ሙዚቃው ውስጥ እንግባ። የኢትዮጵያ ዘፈን የሚቆመው በአራት ዋና ዋና ቅኝቶች ላይ ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ። እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። ከፈረንጅ አገር የመጣው የኮርድ አጨዋወት በሰባት ድምፅ ላይ የተሠራ ስለሆነ፣ አቀናባሪው ካልተጠነቀቀ ኮርዱ ቅኝቱን ያደበዝዘዋል፤ ትዝታው ትዝታነቱን ያጣል። ዋልያሶች ይህን ያመለጡት ኮርዱን በመቆጠብ ነው። ቤዝ ጊታሩ አንዲት አጭር ሐረግ ይይዝና ሳይሰለች ይመላለስባታል። ድራሙና ጊታሩ ከአሜሪካኖቹ የሶልና የፈንክ ተጫዋቾች፣ ከእነ ኪንግ ከርቲስና ጁኒየር ዎከር፣ የተማሩትን ምት ከሥር ያነጥፋሉ። ኦርጋኑ የድምፃዊውን ቦታ ይይዛል። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ደግሞ በአንድነት ይመልሱለታል፤ በእኛ አገር ጭፈራ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ እንደሚቀበል ማለት ነው።

የኃይሉ ኦርጋን አጨዋወት ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። ኦርጋን ድምፁ ቀጥ ያለ መሣሪያ ነው። ቁልፉን ስትጫነው ይጮኻል፣ ስትለቀው ይቆማል፤ እንደ አዝማሪ ጉሮሮ ድምፁን ማጉበጥ አይችልም። ኃይሉ ይህን ጉድለት የሞላው በጣቱ ፍጥነት ነው። ከዋናው ድምፅ በፊት ሁለት ሦስት ትንንሽ ድምፆችን ነካ ነካ አድርጎ ሲያልፍ ዜማው ይንቀጠቀጣል፣ ይሽኮረመማል፣ ያለቅሳል። መጀመሪያ የተካነው በአኮርዲዮን ነበርና አየሩን መሳብና መግፋት የለመደ እጅ ኦርጋኑም ላይ እስትንፋስ ያሰማል። ማሲንቆ ሲመታ እየሰማ ያደገ የእኛ አካባቢ ሰው ይህን አጨዋወት ወዲያው ያውቀዋል።

ታዲያ ዘፋኙ የት አለ? መልሱ አድማጩ ውስጥ ነው። ዋልያሶች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ሕዝቡ ቃሉን በልቡ የያዘውን ዜማ ነው። በ1975 ያወጡት ካሴት ላይ «ትዝታ» አለ፣ «ዘንጋዳው ደረቁ» አለ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ «ሎሚ ተራ ተራ»ን ተጫወቱ። ኦርጋኑ ዜማውን ሲያነሳ አድማጩ ግጥሙን በውስጡ ይለዋል፤ እያንዳንዱ ሰው የገዛ ትዝታውን ይዞ ይዘፍናል። አዝማሪ ግጥም ከታዳሚ ይቀበላል ብለን የለም? እነዚህ ደግሞ ግጥሙን ሙሉ በሙሉ ለታዳሚው ተዉለት። ከዚያ አንድ እርምጃ አልፈው ከመጀመሪያው ቃል ያልነበረውን «ሙዚቃዊ ስልት»ን ሠሩ። የግርማ በየነ ድርሰት ነው። አድማጩ የሚያስታውሰው ስንኝ ስለሌለ በምቱና በትንፋሽ መሣሪያዎቹ ጥሪ ብቻ ይሄዳል፤ ሰውም ተከተለው።

«ሙዚቃዊ ስልት» የሚገኘው በ1977 በወጣው «ቼ በለው» ሸክላ ላይ ነው። አሳታሚው ታንጎ በሚል ቅጽል ስም የሚታወቀው ዓሊ አብደላ ካይፋ ነበር፤ ቫይብራፎን የተጫወተላቸው ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ነው። ሙሉ ሸክላ ያለ ድምፃዊ ማሳተም በዚያን ጊዜ ብርቅ ነበር። የሸክላ ኅትመት ራሱ ማለቂያው ላይ ደርሶ ነበርና ካሴት ገበያውን ወሰደው። ካሴት ርካሽ ነው፣ አቧራ ይችላል፣ በባትሪ ይሠራል። የአዲስ አበባ ሙዚቃ ኤሌክትሪክ ያልደረሰበት ገጠር የገባው በእሱ ጀርባ ነው።

ጎንደር፣ እኛ ዘንድ ግን እነዚያ ዓመቶች መራር ነበሩ። በቀይ ሽብር ክፉኛ ካለቀሱት ከተሞች አንዷ ጎንደር ናት። ሙዚቃውም በየክፍለ ሀገሩ በተደራጁት የኪነት ቡድኖች እጅ ገባ፤ ማሲንቆውም ክራሩም ለአብዮቱ ዘፈነ፣ ግጥም ሁሉ በሳንሱር አለፈ። በዚህ ዘመን ቃል የሌለው ሙዚቃ ልዩ ዕድል ነበረው ብዬ አምናለሁ፤ መቀስ የሚያርፍበት ስንኝ የለውምና።

በ1981 ዋልያሶች ከመሐሙድ አህመድ ጋር ሆነው አሜሪካ ሄዱ። እዚያ ለጉብኝት የተጓዘ የመጀመሪያው ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ ናቸው። አዳራሹን የሞላው በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የወጣ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያበቃ ባንዱ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ፣ ግርማ፣ ሞገስና መላከ እዚያው ቀሩ፤ እነ ዮሐንስ ተኮላና ተማረ ሐረጉ ተመልሰው የዋልያስን ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይዘው ሠሩ። የውጭ ጸሐፊዎች የሚተርኩት የቀሩትን ታሪክ ነው። የተመለሱት በሰዓት እላፊው ውስጥ ለተጨማሪ አሥር ዓመት ያህል ድምፃውያንን ያጀቡ፣ ስሙን ያላስጠፉ ናቸውና ለእነሱም እኩል ክብር ሊሰጥ ይገባል።

አሜሪካ የቀሩት ለጥቂት ጊዜ ዙላ ባንድ በሚል ስም ተጫወቱ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮን፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን እያደራረበ አንድ ካሴት ቀረፀ፤ «ሸሞንሟናዬ» የሚለው ዜማ ያለበት ነው። ከዚያ በኋላ መድረክ ተወና ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው የዕቃ መጫኛ አላወጣም። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ እየጠበቀ በባትሪ ይለማመድ ነበር።

ታሪኩ ወደ እኛ ሰፈር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። ያ የ1985 ካሴት ኢትዮጵያ ውስጥ እየተገለበጠ ሲሸጥ ኖሮ፣ ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው። ከእንፍራንዝ ተነስቶ በአዲስ ዘመንና በወረታ በኩል የሚወርደው መንገድ የሚያደርሰው እዚያው ከተማ ነው። ሺምኮቪትዝ ኃይሉን አፈላልጎ በስልክ አገኘውና በ2013 ካሴቱን እንደገና አሳተመው፤ ትርፉንም ከባለሙያው ጋር እኩል ይካፈላል። «ቼ በለው» በ2014፣ «ትዝታ» በ2021 ተከተሉ። ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አዲስ ቀረፀ። ግርማ በየነም ለብዙ ዓመታት ከሙዚቃ ርቆ ከቆየ በኋላ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባለው የፈረንሳይ ባንድ ጋር አልበም አወጣ።

ቅርሳቸው ከዚህም ይሰፋል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን በ1998 ዳክታሪስ የሚባለው የኒው ዮርክ ባንድ እንደገና ተጫውቶታል፤ ዛሬም በብዙ አገር የትንፋሽ መሣሪያ የያዙ ወጣቶች ይለማመዱታል። አገር ቤት ደግሞ ባንድ በራሱ ስምና በራሱ መልክ መቆም እንደሚችል ያሳዩት እነሱና እኩዮቻቸው ናቸው። ከእኩዮቻቸው አንዱ አይቤክስ ባንድ ነው፤ እሱም ስሙ የዋልያ ዘር ሲሆን ኋላ ሮሃ ባንድ ሆነ። በ2012 «ኤርታሌ» አልበሙን ያወጣው ጃኖ ባንድ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከአገር ዜማ ጋር አጋጭቶ ሮክ ሲጫወት፣ የተጓዘው እነዚህ በጠረጉለት መንገድ ነው።

መስማት ለሚጀምር ሰው ምክሬ ከ«ሎሚ ተራ ተራ» እንዲነሳ ነው፤ ዜማውን ያውቀዋልና ኦርጋኑ ምን እንደጨመረ ይለየዋል። ቀጥሎ «ትዝታ»ን ይስማ፤ በመጀመሪያው ዙር ኃይሉን ብቻ፣ በሁለተኛው የመላከን ቤዝ ብቻ ይከተል። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ለመጨረሻ ያቆየው። ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛ ካለው ደግሞ ይህንን ዜማ አብሮ እንዲሞክረው ይጠይቀው።