የወለቃ የሸክላ ምስሎች

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላ ወለቃ ትገኛለች። በመንገዱ ዳር መዳፍ ላይ የሚያርፉ የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ፦ አንበሳ፣ ወፍ፣ መጽሐፍ የያዘ ቄስ፣ ልጇን ያቀፈች እናት፣ በአንድ አልጋ የተኙ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ።

ወለቃ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር ነበረች። ርስት የተነፈገው ይህ ማኅበረሰብ በእጅ ሥራ ይተዳደር ነበር፤ ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ሴቶቹ ሸክላ ይሠራሉ። ጎረቤቱ ገበሬ ማረሻውንም ምጣዱንም ከእነሱ እየገዛ፣ ዞሮ ደግሞ «ቡዳ» ይላቸው ነበር። ምስሎቹ ግን ለዚህ ገበሬ የተሠሩ አይደሉም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የውጭ እንግዳ ወደ ጎንደር መምጣት ሲያበዛ የተስፋፉ ናቸው። እንግዳ እንስራ አዝሎ አገሩ አይገባም፤ ትንሽ አንበሳ ግን ከሻንጣው ጥግ ይሸጉጣል።

ትንሽነቱን ገበያው ወሰነው፤ ቅርጹን ደግሞ ጭቃው ያስገድዳል። አፈሩ ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል። የተፈጨ ገል ሲገባበት መሰንጠቁ ይቀንሳል። ከዚያ በውሃ ታሽቶ ያለ መዘውር፣ በጣት ብቻ ቅርጽ ይይዛል፤ ገጹ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል። ጭቃ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቀጭኑ ክፍል ከወፍራሙ ቀድሞ ስለሚደርቅም መጋጠሚያው ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የአንበሳው እግር አጭርና ደንዳና፣ ጅራቱም ከገላው የተጠጋ ቢሆን ይመረጣል። ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ቀጭን ጅራት ከእሳት ቢተርፍ እንኳ መንገድ ላይ ይሰበራል።

ሸክላ የበጋ ሥራ ነው። ምስሉ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ውስጡ እርጥበት ከቀረ፣ እሳት ሲነካው ውሃው ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያፈነዳዋል። ማቃጠያው ደግሞ ሜዳ ላይ የሚነድ እንጨትና ኩበት ነው። በክረምት ፀሐዩም፣ ደረቁ ኩበትም፣ ደረቁ መሬትም ይጠፋል። በበጋ በደንብ ሠርቶ ያላከማቸ ቤት ክረምቱን ባዶ እጁን ይገፋል ማለት ነው።

ቀለሙም የእሳቱ ሥራ ነው። ነፋስ እንደ ልብ ካገኘ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ይቀላል። አየር ታፍኖ ጭሱ ከበዛ ጥላሸቱ ወደ ሸክላው ይሰርጋል፣ ምስሉም ይጠቁራል። ከአንድ ጭቃ የተሠሩ ሁለት አንበሶች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር ሊሆኑ ይችላሉ።

እንደ ፈረንጆቹ በ1984 በተጀመረው የ«ሙሴ ዘመቻ»ና በግንቦት 1991 በተካሄደው የ«ሰሎሞን ዘመቻ» ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። በሁለተኛው ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወጥቷል። ወለቃም የቀድሞ ባለቤቶቿን አጣች፤ ገበያው ግን አልተዘጋም። ዛሬ የዳዊትን ኮከብ ጭቃ ላይ የሚቀርጹት በአብዛኛው ክርስቲያን ሴቶች ናቸው። ጎረቤት ሲንቀው የኖረውን ሙያ ጎረቤት ወረሰው፤ እንጀራውንም ከእሱ ይበላል።