ወደ ኋላ የሚገፋ ፕሮፔለር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ላሊበላ በኪው 400 አውሮፕላን የተጓዘ ሰው ያውቀዋል፤ ጎማዎቹ መሬት እንደነኩ የፕሮፔለሩ ድምፅ ይለወጣል፣ ተሳፋሪው ወደ ፊት ይሳባል፣ የአውሮፕላኑም ፍጥነት በአንዴ ይሰበራል። ያን ጊዜ ፕሮፔለሩ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ መዞር የጀመረ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይደለም። ዙሩ እንደነበረ ይቀጥላል፤ የሚለወጠው እያንዳንዱ ብሌድ የያዘው ማዕዘን ነው።

ብሌድ የሚሽከረከር ክንፍ ነው፤ ማዕዘኑ ፒች ይባላል። አውሮፕላኑ ሲነሣ ማዕዘኑ ይጠባል፣ መኪና ዳገት ላይ አንደኛ ማርሽ እንደሚፈልገው፤ ይህ ፋይን ፒች ነው። ፍጥነት ሲጨምር ማዕዘኑ ይሰፋል፤ ኮርስ ፒች ይሉታል። ሞተር አየር ላይ ከጠፋ ብሌዱ ወደ 90 ዲግሪ ተጠግቶ ስለቱን ለነፋሱ ይሰጣል። ፌዘር የሚባለው ይህ ነው፤ ሥራ ያቆመው ፕሮፔለር አውሮፕላኑን ወደ ኋላ እንዳይጎትት ያደርጋል። በሌላው ጫፍ ማዕዘኑ ከዜሮ በታች ሲወርድ ብሌዱ አየሩን ወደ ፊት ይገፋል፤ እሱ ሪቨርስ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ብሌዱ ጠፍጣፋ ሆኖ የሚቆምበት ዲስክ የተባለው ደረጃ ብቻውን ብዙ ፍጥነት ይበላል።

ማዕዘኑን የሚያዞረው በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለ፣ በዘይት ግፊት የሚሠራ ፒስተን ነው። በበረራ ላይ ዘይቱን የሚያዘው ገቨርነር ነው፤ ፕሮፔለሩ ሊፈጥን ሲል ማዕዘኑን ያሰፋል፣ ሊዘገይ ሲል ያጠባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ያበርረው በነበረው ትዊን ኦተር ላይ ዘይቱ ብሌዱን ወደ ፋይንና ወደ ሪቨርስ ይገፋል፤ ስፕሪንግና ክብደቶች ደግሞ ወደ ፌዘር ይመልሱታል። ስለዚህ ዘይቱ ቢጠፋ ብሌዱ የሚሄደው ጉዳቱ ወደሚያንስበት ወገን ነው። ይህን አስቀድሞ ያሰበ መሐንዲስ ምስጋና ይገባዋል።

መሬት ላይ ሥርዓቱ ይለያል። አብራሪው ፓወር ሌቨሩን ከበረራው ዝቅተኛ ገደብ በታች ሲስበው ቤታ በተባለው ክልል ውስጥ ገብቶ የብሌዱን ማዕዘን ራሱ ያዛል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ መንደርደሪያው ረጥቦ ጎማው ቢያንሸራትት እንኳ ሪቨርስ አየርን እንጂ አስፋልትን አይጠይቅም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያርፍበት ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ መሬቱን ይነካል። ይህን ትርፍ ፍጥነት ማብረድ ለፍሬን ብቻ የሚተው ሥራ አይደለም። ሪቨርስ የሚበረታው ግን አውሮፕላኑ ገና ሲፈጥን ነው፤ ፍጥነቱ ሲያልቅ አቧራና ጠጠር አንሥቶ በራሱ ብሌድ ላይ ይመታል፣ አብራሪውም ቶሎ ይተወዋል።

ይኸው ጥቅም አየር ላይ ገዳይ ነው። ብሌዱ ሲተኛ ነፋሱ ፕሮፔለሩን ከልክ በላይ ያሽከረክረዋል፣ አውሮፕላኑንም ወደ ኋላ ይይዘዋል። ኅዳር ወር 2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ የሉክሳየር አየር መንገድ ፎከር 50 አውሮፕላን ሉክሰምበርግ ለማረፍ ሲቃረብ ሌቨሮቹ ከገደቡ በታች ወረዱ። አውሮፕላኑ ይህን የሚከለክል ሁለተኛ የኤሌክትሪክ መከላከያ ነበረው፤ ጎማ ሲዘረጋ ግን መከላከያው ለጥቂት ሰከንድ ሊለቀቅ የሚችልበት ጉድለት ነበረበት። ከ22 ሰዎች 20ው ሞቱ። በ2011 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ውስጥ በማዳንግ አቅራቢያ አንድ ዳሽ 8 በተመሳሳይ ምክንያት ወድቆ ከ32 ሰዎች 28ቱ አለቁ። የሚያስቆጨው፣ ቤታ ሎክአውት የተባለው መከላከያ ያኔም ተሠርቶ ነበር፤ ግዴታ የነበረው ግን በአሜሪካ ብቻ ስለሆነ በዚያ አውሮፕላን ላይ አልተገጠመም። ከአደጋው በኋላ የካናዳ ትራንስፖርት ባለሥልጣን በሁሉም የዳሽ 8 100፣ 200 እና 300 ሞዴሎች ላይ እንዲገጠም አዘዘ። መሣሪያው ባለበት አውሮፕላን ላይ ሌቨሩ በአየር ላይ ቢሳብም ብሌዱ ወደ ቤታ አይገባም።