ከኦቲዝም ጋር የሚኖሩ ልጆችን ይዞ ወደ ስሜን ተራሮች መውጣት

በዳባት ወረዳ በሚገኝ አንድ የገጠር አጥቢያ የቤት ለቤት ጉብኝት ስናደርግ አንዲት እናት የስምንት ዓመት ልጃቸውን ከጓዳ አውጥተው አሳዩን። ልጁ ለሰላምታችን አልመለሰም፤ ፊታችንንም አላየም። በእጁ የያዛትን የጠርሙስ ክዳን መሬት ላይ እያሽከረከረ፣ ስትወድቅ መልሶ እያነሣ፣ ከእኛ ጋር ሳይሆን ከእርሷ ጋር ነበር። እናቲቱ «አባቶቼ፣ ይህ ልጅ ከተወለደ ጀምሮ ከዚህ ግቢ የወጣው ለጠበል ብቻ ነው» አሉን። ስንመለስ በመንገድ ላይ ስለ ሌላ ነገር መነጋገር አልቻልንም። የዚህ ጽሑፍ መነሻም ያ ጉብኝት ነው። እንዲህ ያሉ ልጆችን አጥቢያዎቻችን ለአንድ ቀን እንኳ ከቤት አውጥተው፣ የሌላ አገር ሰው በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሊያየው የሚመጣውን የስሜን ተራራ እንዴት ሊያሳዩአቸው እንደሚችሉ ከሞከርነው ተነሥተን እናስረዳለን።

አስቀድሞ ኦቲዝም ምንድን ነው የሚለውን ማለፍ አይቻልም። ኦቲዝም ከአንጎል አስተዳደግ ጋር የተያያዘ፣ ከልጅነት የሚጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ልጁ ከሰው ጋር በሚግባባበትና በሚቀራረብበት መንገድ፣ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ንክኪንና ሽታን በሚቀበልበት ሁኔታ ከሌሎች ይለያል። አንዳንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ አንዳንዱ የሰማውን ቃል መላልሶ ይደግማል፤ ሌላው አጥርቶ እየተናገረ የጨዋታን ወግና የፊትን ገጽታ ማንበብ ይቸግረዋል። የተለመደው ነገር ሲለወጥበት የሚታወከው ብዙ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ገደማ ከኦቲዝም ጋር እንደሚኖር ገምቷል። እንግዲህ በአጥቢያችን የለም የምንል ከሆነ፣ የሌለው ልጁ ሳይሆን እኛ ያየንበት ዓይን ሊሆን ይችላል። ከእናት ፍቅር ማነስ የመጣ አይደለም፤ ከክትባት የመጣም አይደለም። የወላጅ ኃጢአት ቅጣት ነው ለሚሉትም፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርት ስለ ዕውሩ ሰው የጠየቁትን ጥያቄና ጌታችን የሰጣቸውን መልስ ካህናት ሁሉ ስለሚያውቁት እዚህ መተርጐም አያስፈልገንም።

ስለ ጠበል አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ አንባቢዎቻችንን ማታለል ይሆንብናል። ጠበልን የምንቃወም አይደለንም፤ ራሳችንም የምንጠመቅ ነን። ነገር ግን ቆዳው ለንክኪ እጅግ ስስ የሆነ ልጅ ሌሊት በቀዘቀዘ ውኃ ድንገት ሲጠመቅ፣ በዙሪያው ሰው ሲጮኽ፣ እጁን ሲይዙት ይጮኻል። ያ ጩኸት የርኩስ መንፈስ ምልክት ተደርጎ ሲወሰድ ልጁ ይበልጥ ይያዛል፤ ይበልጥም ይጮኻል። ወላጅ በጸጥታው ሰዓት መጥቶ፣ ልጁ ጥቂት ጠጥቶ ወይም እጁ ብቻ ተረጭቶ እንዲመለስ ቢፈቀድለት የበረከቱ ነገር አይጐድልም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ለምእመናን ማስተማራቸው ይታወሳል። የባለሙያ ምክርና ጸሎትም እንዲሁ ተጣልተው አያውቁም።

በአገራችን በዚህ ጉዳይ ፈር የቀደዱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የራሳቸው ልጅ ኦቲዝም ስላለበት፣ ለእርሱ የሚሆን ትምህርት ቤት አጥተው ሲቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ከፈቱ፤ በፊደላችን ላይ የተመሠረተ የንግግርና የንባብ ማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አርፈዋል። ከእርሳቸው በኋላም በአዲስ አበባ የወላጆች ጥረት የወለደው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ተነሥቷል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው። ከደባርቅ ወጥቶ አዲስ አበባ ልጁን የሚያስተምር ገበሬ አናውቅም። ለእኛ ወላጆች የቅርብ በሮች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቀጥሎም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ናቸው።

መዝናኛ ለምን? ይህን ጥያቄ በአንድ የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ ላይ ሰምተነዋል፤ «እህል ሳይኖር ሽርሽር» ያሉን አባት ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን ሽርሽሩ ለልጁ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ዓመታት ሙሉ ጎረቤት ምን ይለኛል እያለች ልጇን የደበቀች እናት፣ እንደ እርሷ ያለች ሌላ እናት በአጠገቧ ተቀምጣ ስታይ የሚሆነውን ነገር በስብከት ማምጣት አይቻልም። ባደጉት አገሮች ታላላቅ የመጫወቻ ፓርኮች ለእነዚህ ልጆች ልዩ አሠራር ዘርግተዋል፤ ረጅም ሰልፍ መቆም የማይችል ልጅ ሳይሰለፍ ተራውን የሚጠብቅበት ሥርዓት፣ ድምፅ የማይገባበት ማረፊያ ክፍል፣ የጆሮ መሸፈኛ። በአሜሪካ ፔንሲልቫኒያ የሚገኘው ሰሰሚ ፕሌስ እ.ኤ.አ. በ2018 ሠራተኞቹን በኦቲዝም ጉዳይ አሠልጥኖ የምስክር ወረቀት ያገኘ የመጀመሪያው የመጫወቻ ፓርክ ሆኗል። እኛ ዘንድ የሚሽከረከር ወንበርም ባቡርም የለም። ያለን እ.ኤ.አ. በ1969 የተከለለው፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው፣ ጽሕፈት ቤቱም በዚሁ በደባርቅ የሆነው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። እውነቱን ለመናገር ለእነዚህ ልጆች ከመጫወቻ ፓርክ ይልቅ የሚስማማው ይህ ነው። ሰልፍ የለበትም፤ የሚያፈጥ መብራት የለበትም፤ ጸጥታው ደግሞ በነጻ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራችን ግን አልተሳካም፤ ጥፋቱም የእኛ ነበር። ዐሥራ አራት ልጆችን በአንድ አውቶቡስ ጫንን። የተነሣነው በገበያ ቀን ነበር። ደስ ይላቸዋል ብለን መዝሙር በድምፅ ማጉያ ከፍ አድርገን ከፈትን። ደባርቅ ሳንደርስ አንዲት ልጅ ከወንበር ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ አለቀሰች፤ ሁለተኛው ተከተላት፤ ከዚያ በኋላ መኪናው ውስጥ የነበረውን ለመግለጽ ያስቸግራል። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ወረደ። ከመንገድ ተመለስን። ከወላጆቹ አንዱ ሲወርዱ «ብላችሁን ነበር» እንኳ አላሉንም፤ ዝም ብለው ልጃቸውን አቅፈው ሄዱ።

በሁለተኛው ጊዜ ከሰባት ልጅ በላይ አልወሰድንም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የሚያውቀው የቤተሰቡ ሰው፣ ከዚያም በላይ ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጡ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት እያንዳንዱን ወላጅ ቤቱ ድረስ ሄደን ጠየቅን። ልጁን የሚያስፈራው ምንድን ነው? የሚያረጋጋውስ? የሚበላው ምን ብቻ ነው? ሽንት ቤት እንዴት ይጠይቃል? ይሮጣል ወይ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ያዩትን ተከትለው ድንገት ይሮጣሉ፤ ስማቸው ሲጠራም አይመለሱም። በገጠር አንዳንድ ወላጅ ልጁን በገመድ የሚያስረው ከጭካኔ ሳይሆን እርሻ ሲውል ገደል እንዳይገባበት ፈርቶ ነው። ስሜን ደግሞ የገደል አገር ነው። ስለዚህ ቱሪስት የሚቆምበትን የገደል አፋፍ ትተን፣ የፓርኩን ስካውቶች አማክረን፣ ከመንገዱ ዳር ሜዳ ያለበትን፣ ከአፋፉም የራቀ ቦታ መረጥን። ያለ ስካውት ወደ ፓርኩ አይገባም፤ እኛ ግን አንድ ተጨማሪ ጠይቀን በገደሉ በኩል እንዲቆምልን አደረግን። እያንዳንዱን ልጅ አንድ ሰው ብቻ በኃላፊነት ያየዋል፤ «ሁላችንም እናያለን» ከተባለ ማንም አያይም።

ልጆቹ የሚሄዱበትን አስቀድመው ማየት አለባቸው። በስልክ ያነሣናቸውን ፎቶዎች፣ ማለትም ሚኒባሱን፣ መንገዱን፣ ሜዳውን፣ ጭላዳውን፣ በመጨረሻም የየራሳቸውን ቤት፣ በካርቶን ላይ በተራ ለጥፈን ለየቤተሰቡ ሰጠን። እናቶች በየማታው አሳዩአቸው። ቃል የማይገባው ልጅ ሥዕል ይገባዋል። የቤቱ ፎቶ መጨረሻ ላይ መሆኑ ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኛም መጀመሪያ ረስተነው ነበር። ለልጁ ግን ወደ ቤት የምንመለስ መሆናችንን የሚነግረው እርሱ ብቻ ነው።

ጊዜው ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምቱ ጭጋግና ጭቃ ነው። ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደል ላይ አድረው ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው ሲሰማሩ ድምፃቸው ማጉረምረም እንጂ ጩኸት አይደለም። ዓይን ለዓይን መተያየት የሚከብደው ልጅ ጭላዳን ያለ ጭንቀት ሲመለከት አይተናል፤ ጭላዳ መልስ አይጠይቀውምና። ነገር ግን እንስሳው የዱር መሆኑ አይረሳ። ወንዱ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ ራቁ ማለቱ ነው። እነርሱ ባሉበት ምግብ አይወጣም፤ አይወረወርላቸውም። ያ የጠርሙስ ክዳን የሚያሽከረክረው ልጅ ክዳኑን ኪሱ ከትቶ ከግማሽ ሰዓት በላይ አንዲት ጭላዳ ሣር ስትነጭ ተመለከተ። ከዚያም ተቀምጦ በጣቶቹ ሣር መንጨት ጀመረ። እናቱ ወደ ሌላ በኩል ዞረው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ።

ምግብን በተመለከተ ለካህናት የምናቀርበው ልመና አለ። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚበሉት የምግብ ዓይነት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጪ ሲቀርብላቸው ቀኑን ሙሉ ጦማቸውን ይውላሉ። ወተትና ዳቦ ብቻ የሚበላ ልጅ በጾም ወራት ወተቱ ሲከለከል የሚሆነውን ወላጆች በእንባ ነግረውናል። ማቅለል በንስሐ አባት ሥልጣን ያለ ነው፤ ብዙ ወላጅ ግን ለመጠየቅ ያፍራል። ካህኑ ቀድሞ ቢጠይቅ ሸክሙ ይቀላል። ለጉዞው እያንዳንዱ ልጅ የለመደውን ምግብ በለመደው ዕቃ ከቤቱ ይዞ ይምጣ፤ የጋራ ድግስ አይዘጋጅ። ጋቢ፣ የፀሐይ ቆብና ቅያሪ ልብስ አይቅር፤ ብርዱና ፀሐዩ በአንድ ቀን ይፈራረቃሉና።

ይህ ሁሉ ተዘጋጅቶም አንድ ልጅ ሊታወክ ይችላል። እኛም አንድ ጊዜ ገጥሞናል፤ የጭነት መኪና ጥሩምባ በአጠገባችን ሲነፋ። ይህ ቅብጠት አይደለም፤ ልጁ የሚሸከመው ሲበዛበት የሚመጣ ነው። ቁጣም ስጦታም አይመልሰውም። የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከአጠገቡ ይቅር፤ ሌላው ሰው ይራቅ፤ ማንም አይክበበው፤ በስልክ የሚቀርጽ ካለ ይከልከል። ጆሮው በነጠላ ወይም በቆብ ቢሸፈን፣ ልጁ ከወደደም ጋቢ ቢደረብለት ይረዳል። ንግግር ይቀነስ። ከዚያ መጠበቅ ነው። የእኛው ልጅ ለመረጋጋት ሃያ ደቂቃ ያህል ወሰደበት፤ በሚኒባሱ ጥላ ተቀምጦ ውኃ ጠጥቶ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ለዚህ ሲባል መኪናው ቀኑን ሙሉ ከቡድኑ እንዳይርቅ ከሾፌሩ ጋር አስቀድሞ መስማማት ያሻል። በሜዳው ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ አልቆየንም። ልጆቹ ደስ ብሏቸው ሳሉ መመለስ፣ ደክመው ሲያለቅሱ ከመመለስ ይሻላል።

ይኸው ዝግጅት ለጥምቀትም ለደመራም ያገለግላል። በከበሮውና በድምፅ ማጉያው አጠገብ ማቆም ሳይሆን፣ ታቦቱ ከሚያልፍበት መንገድ ራቅ ያለ ከፍታ ቦታ ለእነዚህ ቤተሰቦች አስቀድሞ መለየት፣ የበዓሉን ፎቶ ማሳየት፣ መሄጃ መንገዱን ክፍት አድርጎ መያዝ በቂ ነው። በአንድ የዳባት አጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ለቅዳሴ እንዲሁ አድርጓል፤ በግቢው ምሥራቃዊ ጥግ ካለው የወይራ ዛፍ ሥር ለሦስት ቤተሰቦች ቦታ ተሰጥቷቸው፣ ልጆቹ ሲንቀሳቀሱም ሆነ ድምፅ ሲያሰሙ ማንም እንዳይገሥጻቸው በዐውደ ምሕረት ተነግሯል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት እሑዶች የመጣ ቤተሰብ አልነበረም። በሦስተኛው አንድ መጣ።

በመጪው ጥቅምት ለመሄድ የሚያስብ አጥቢያ የልጆቹንና የተንከባካቢዎቻቸውን ቁጥር፣ የሚሄድበትን ቀንና ያሰበውን ቦታ ጠቅሶ ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ በደብዳቤ ያሳውቅ፤ የመግቢያ ክፍያውን ነገርና ተጨማሪ ስካውት የማግኘቱን ጉዳይ በዚያው ይጠይቅ። የመንገዱን ሰላም ከመነሣቱ በፊት ባለው ቀንና በዕለቱ ጠዋት ያጣራ፤ ጥርጥር ካለ ቀኑ ይተላለፍ፤ ለልጆቹም የቤታቸው ፎቶ ብቻ ይታያቸው። የፎቶ ካርዶቻችንንና ለወላጆች የምናቀርባቸውን ጥያቄዎች ቅጂ ለሚፈልጉ ሰበካ ጉባኤያት በየወረዳው ቤተ ክህነት በኩል እንልካለን።