ቁልፉን የሚሸሽገው ስልክ በሆሳዕናና በከምባታ ገበያዎች

ተጣጣፊው የእጅ ስልክ ወደ አገራችን ገበያ ብቅ ማለት ከጀመረ ወዲህ፣ አስመጪውም ባለሱቁም ይህን ዕቃ በምን ያህል ልያዘው፣ ለማንስ ልሽጠው ብሎ ማሰቡ የማይቀር ነው። ነገሩ ግን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። ገላው የሚንቀሳቀስ ስልክ ከዚህ ቀደም አንድ ጊዜ መጥቶ፣ ብዙ ተሸጦ፣ ብዙ ተሰብሮ፣ ከመደርደሪያው ወርዷል። ይኸውም ተንሸራታቹ ስልክ፣ ማለት ቁልፎቹን ከመስተዋቱ ሥር ሸሽጎ በአውራ ጣት ሲገፉት ብቻ የሚያወጣው ቀፎ ነው። የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜና የሺንሺቾ ነጋዴ ይህን ዕቃ የሚያስታውሰው ባተረፈበት ብቻ ሳይሆን በከሰረበትም ስለ ሆነ፣ የዚህን ንግድ ጠባይ መለስ ብሎ መመልከት ለዛሬው ግዢ የሚጠቅም ይመስላል።

የዕቃው ታሪክ አጭር ነው። የፊንላንዱ ኖኪያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው 8110 የተባለ ቀፎ ቁልፎቹን የሚሸፍን ወደ ታች የሚሳብ ክዳን ነበረው፤ በ1999 ያወጣው 7110 ደግሞ ክዳኑ በሞላ ተወርውሮ የሚከፈት ሆነ። በዚያው ዓመት የጀርመኑ ሲመንስ ኤስ.ኤል. 10 የተባለውን፣ ክዳኑ ብቻ ሳይሆን የስልኩ ገላ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ የሚንሸራተተውን አቀረበ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ብልሃት ጨመረበት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ኖኪያ ኤን 95 ወደ አንዱ ወገን ሲገፉት የቁጥር ቁልፎችን፣ ወደ ሌላው ወገን ሲገፉት የሙዚቃ ቁልፎችን ያሳይ ነበር። በ2008 የታይዋኑ ኤች.ቲ.ሲ. ሙሉ የጽሕፈት መኪና ቁልፍ በጎኑ የሚወጣለትን ስልክ ለገበያ አዋለ፤ በ2011 ደግሞ ሶኒ ኤሪክሰን የጨዋታ መቆጣጠሪያ ቁልፎችን ከሥሩ የሚያወጣ ስልክ ሠራ። ምክንያቱ በሁሉም ዘንድ አንድ ነበር፤ ሰው መስተዋቱ ሰፊ፣ ቁልፉ ምቹ፣ ስልኩ ግን ከኪስ የሚገባ ትንሽ እንዲሆንለት ይፈልጋል። ሦስቱን ባንድነት ለማግኘት ቁልፉን ማሸሽ ግድ ሆነ።

በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ከዋና ከተማዋ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ሆሳዕናና ወደ አካባቢዋ ከተሞች የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው ምርጫ በኋላ ተቋርጦ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ2000 ዓ.ም. መባቻ መመለሱ ለቁልፍ ንግድ ትልቅ ነገር ነበር። መልእክት የማይጽፍ ሰው ስለ ቁልፍ አይጨነቅም፤ መልእክት መጻፍ የጀመረ ሰው ግን ቁልፉ ሰፊና ለጣት የሚመች መሆኑን ይመረምራል። ተንሸራታቹ ቀፎ በዓለም ገበያ የገነነውም ልክ በዚያን ጊዜ ነው።

ሆሳዕናና የከምባታ ከተሞች በዚህ ንግድ ከሌላው አገር የሚለዩበት ምክንያት አለ። የአካባቢው ሰው ለሥራ ወጥቶ ለመስቀል የመመለስ ልማዱ የቆየ ነው፤ በ1946 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ እርሻ ብዙ የሀዲያና የከምባታ ሠራተኞችን ይስብ እንደ ነበር የታወቀ ነው። የኋለኛው ትውልድ ግን መንገዱን ወደ ደቡብ አፍሪካ አደረገ። ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን አቋርጦ የደረሰው ወጣት በዚያ አገር መንደሮች አነስተኛ ሱቅ ከፍቶ ወይም ሸቀጥ አዙሮ ሲያገኝ፣ ገንዘብና ዕቃ ወደ ቤተሰቡ ይልካል። ከሚልካቸው ዕቃዎች አንዱ የእጅ ስልክ ነበር። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ጥሩ ስልክ መጀመሪያ የታየው ሁልጊዜ በሱቅ መስኮት አይደለም፤ በመስቀል ሰሞን፣ በሀዲያ ያሆዴ በከምባታ መሳላ ሲከበር፣ ከመንገደኛ ሻንጣ የወጣውን ቀፎ ጎረቤት ያይና በማግሥቱ ባለሱቁን ይህንኑ የመሰለ አምጣልኝ ይለዋል። መንገዱ ምን ያህል ሕይወት እንደሚያስከፍል ግን የማያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በአንድ የጭነት መኪና ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው መገኘታቸውና ኢትዮጵያውያን መሆናቸው መነገሩ፣ የስደተኛ ቤተሰብ ባለበት ከተማ ሁሉ የሐዘን ወሬ ነበር።

ይህ ነገር ከንግዱ ጋር የሚገናኝበት መንገድ እንዲህ ነው። ለእንደዚህ ያለ ቤተሰብ ስልኩ ጌጥ ብቻ አልነበረም። የልጁ ቁጥር፣ ገንዘብ የሚያቀብለው ሰው ቁጥር፣ በመንገድ ላይ ያለው ወንድም የደወለበት የኬንያ ወይም የማላዊ ቁጥር፣ ሁሉም በቀፎው ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ቁጥሩን በሲም ካርዱ ላይ ማስቀመጥ እንደሚችል አያውቅም ነበር። መስተዋቱ በጠፋ ቀን ቁጥሩም አብሮ ይጠፋል። ተንሸራታቹ ስልክ ደግሞ ከሌላው ስልክ ይልቅ መስተዋቱ ቶሎ የሚጠፋ ስልክ ነበር።

ምክንያቱን መረዳት አያስቸግርም። ስልኩ ከሁለት ሳንቃ የተሠራ ነው፤ መስተዋቱ ባንዱ፣ ቁልፉና ባትሪው በሌላው ላይ ይሆናል። ሁለቱ በሐዲድ ላይ ይንሸራተታሉ፤ እኩሌታው ድረስ በጣት ሲገፉት የቀረውን መንገድ ሞላ ይጨርሰዋል። ያ ገዢ የሚወደው ቀጭ የሚል ድምፅ የሞላው ነው። ሁለቱን ሳንቃዎች የሚያገናኛቸው ግን ጠጋኞች ፍሌክስ የሚሉት፣ የመዳብ መስመር የተሣለበት እንደ ወረቀት የሳሳ ጥብጣብ ነው። ስልኩ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይህ ጥብጣብ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። በቀን 30 ጊዜ የሚከፍት ሰው በዓመት 10,950 ጊዜ ያጥፈዋል። ወጣት ደግሞ የሚከፍተው ለመደወል ብቻ አይደለም፤ ለድምፁም ይከፍታል። በሐዲዱ የገባ አቧራ ሳንቃውን ሲያጣብቅ ባለቤቱ አጥብቆ ይገፋል፤ ጥብጣቡም ይጎዳል። ምልክቱ በየትም አገር አንድ ነው፤ ስልኩ ሲዘጋ መስተዋቱ ይበራል፣ ሲከፈት ይጠፋል ወይም ነጭ ብቻ ይሆናል። ጠጋኙ ያንን ባየ ጊዜ መክፈት ሳያስፈልገው ሕመሙን ያውቀዋል።

ጥገናው የሚቻል ነው፤ መለዋወጫው ግን ከእያንዳንዱ ሞዴል ጋር የተለየ ነው። የአንዱ ኖኪያ ጥብጣብ ለሌላው ኖኪያ አይሆንም፤ የሳምሰንግማ ጨርሶ አይሆንም። በመርካቶ ያለ የመለዋወጫ ነጋዴ ብዙ የተሸጡትን ሞዴሎች ጥብጣብ ያስመጣል፤ ጥቂት የተሸጡትን ግን አያስመጣም። በሆሳዕና ያለ ጠጋኝ ከአዲስ አበባ እስኪላክለት ይጠብቃል፤ በዶዮገና ወይም በሀደሮ ያለው ደንበኛ ደግሞ የሆሳዕናውን ጠጋኝ ይጠብቃል። ስሙ በአንድ ፊደል ተለውጦ የታተመ አስመስሎ የተሠራ ቀፎ ሲሆን ከነጭራሹ መለዋወጫ የለውም። እንዲህ ያለው ቀፎ ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፣ ዋጋውም ይረክሳል፤ ሲሰበር ግን መጨረሻው ነው።

ኪሣራው በባለሱቁ ላይ እንዴት እንደሚወድቅ በቁጥር ማየት ይሻላል። ለምሳሌ አንድ ባለሱቅ 20 ቀፎ እያንዳንዱን በ1,000 ብር ገዝቶ በ1,200 ብር ቢሸጥ 4,000 ብር አገኘሁ ይላል። ከሃያዎቹ ሦስቱ ጥብጣባቸው ተበጥሶ ቢመለሱና የደንበኛውን ገንዘብ ቢመልስ 3,600 ብር ይወጣበታል። የቀረለት ትርፍ 400 ብርና ሦስት የተሰበሩ ቀፎዎች ነው፤ የሱቅ ኪራይና የመጓጓዣ ገና አልተነሣም። ገንዘቡን አልመልስም ቢል ደግሞ በትንሽ ከተማ ሰው ሁሉ ስለሚተዋወቅ ስሙ ይጎዳል። ጅምላ ሻጩ በበኩሉ ዕቃው ከእጁ ከወጣ በኋላ ኃላፊነት የለብኝም ይላል። በዚህ ንግድ ውስጥ ፍርዱ የጎደለው እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን የመረጠው አስመጪው ሆኖ ሳለ ለምርጫው የሚከፍለው የመጨረሻው ቸርቻሪ ነበር።

ሌላም አስመጪዎች ያላዩት ነገር ነበረ፤ የፊደል ጉዳይ። 33ቱ የግእዝ ፊደላት በ7 ድምፅ ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ፊደል በሚይዙት 8 የቁጥር ቁልፎች ላይ ብናካፍለው ለእያንዳንዱ ቁልፍ 29 ያህል ይደርሰዋል፤ የላቲን 26 ፊደል ግን ሦስት ሦስት ወይም አራት አራት ይሆናል። ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊው አማርኛውን በላቲን ፊደል ሲጽፍ ኖረ። ሀዲይኛና ከምባትኛ ግን ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በትምህርት ቤት የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለ ሆነ፣ የእነዚህ ከተሞች ተማሪ ከውጭ አገር የመጣውን ቁልፍ እንዳለ ይጠቀምበት ነበር። ሙሉ የጽሕፈት ቁልፍ የሚወጣለት ስልክ በዚህ አገር ከሌላው ይልቅ ለሥራው የተስማማ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ የሚገጣጥመው ቴክኖ የአማርኛ ፊደል ያለው ቀፎ ማቅረቡ በአገሪቱ ገበያ ብዙ ደንበኛ እንዳስገኘለት ሲታይ፣ የደንበኛን ፊደል መጠየቅ ለንግድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ይታወቃል።

ተንሸራታቹን ከገበያ ያስወጣው ግን ስብራቱ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካኑ አፕል ቁልፍ የሌለውን፣ መስተዋቱ ራሱ ቁልፍ የሚሆንለትን ስልክ ካወጣ በኋላ፣ ቁልፍን መሸሸግ የሚያስፈልግበት ምክንያት ቀረ። በመስተዋት ላይ የሚሣል ቁልፍ የፈለጉትን ፊደል ሁሉ ይሆናል፤ አይበጠስም። እጃቸው ላይ ተንሸራታች ቀፎ የቀረባቸው ባለሱቆች ከገዙበት ዋጋ በታች ሸጡት። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ኢትዮ ቴሌኮም 15 አኃዝ ባለው መለያ ቁጥር ቀፎዎችን መመዝገብ በጀመረ ጊዜ ደግሞ፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት የገባ ዕቃ የያዘ ነጋዴ ሌላ ጭንቀት መጣበት። ምዝገባው ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ቢነሣም፣ ኮከብና መሰላል 06 መሰላል ጽፎ የቀፎውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ማስተያየት ጥሩ ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ቁልፍ ያለው ስልክ ራሱ ግን አልሞተም። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር 127 ቁጥር በመደወል በማናቸውም ተራ ቀፎ ላይ ስለሚሠራ፣ ቁልፉ በፊቱ ላይ የተተከለ፣ የማይንቀሳቀስና ባትሪው ብዙ ቀን የሚቆይ ርካሽ ስልክ ለገጠር ደንበኛ ጥሩ ሸቀጥ ነው። ብልጫ ያለው ስልክ የገዛውም ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ተራ ቀፎ አብሮ ይይዛል።

አሁን ወደ ተጣጣፊው እንመለስ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ዜድ ፍሊፕ 200,000 ጊዜ መታጠፍ ይችላል ተብሎ ነበር። በቀን 100 ጊዜ ለሚከፍት ሰው ይህ 2,000 ቀን፣ ማለት ከ5 ዓመት በላይ ነው፤ ከቀድሞው ጥብጣብ ጋር ሲተያይ ትልቅ መሻሻል ነው። የቤተ ሙከራው መታጠፍ ግን በሆሳዕና ባጃጆች አቧራ ውስጥ የሚደረግ መታጠፍ አይደለም። አስመጪው በካርቶኑ ላይ አይ.ፒ. ከሚሉት ሁለት ፊደላት ቀጥሎ ያለውን ምልክት ያንብብ። በ2021 የወጣው ዜድ ፍሊፕ 3 ኤክስና 8 ይላል፤ 8ቱ ውኃን ይመለከታል፣ ኤክሱ ግን የአቧራ መከላከያ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። በ2024 የወጣው ዜድ ፍሊፕ 6 ደግሞ 48 ይላል፤ 4ቱ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጠውን ጠጣር ነገር ያግዳል ማለት ነው። የበጋ አቧራ ከዚያ እጅግ የደቀቀ ነው። በ2023 ቴክኖም የራሱን ተጣጣፊ ስልኮች ስላወጣ ዕቃው ወደ መካከለኛው ገዢ እየቀረበ ነው።

ዋጋውም እንደ ቀድሞው አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አንድ ተጣጣፊ ስልክ በመደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ የሚታሰረው ገንዘብ ቀድሞ 20 ተንሸራታች ቀፎ ከሚያስረው የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ የሆሳዕናና የዱራሜ ባለሱቅ ከጅምላ ሻጩ ጋር ሲዋዋል፣ የመስተዋቱና የማጠፊያው መለዋወጫ በአገር ውስጥ መኖሩን፣ ጉዳት ሲደርስ ማን እንደሚጠግን፣ በስንት ቀን እንደሚመለስና የመጓጓዣውን ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይያዝ። ከመስቀል በፊት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይውሰድ፤ የቀረውን ደንበኛ ቀብድ ሲከፍል ያስመጣ። ሲሸጥም ገዢውን በሱቁ ውስጥ አስቀምጦ ቁጥሮቹን ወደ ሲም ካርዱ ወይም ወደ ኢሜይል ሒሳቡ ያዛውርለት፤ ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።