የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ቤትዎ ሲመጣ፦ ሕጉ የሚፈቅደውና የሙያ ሥነ ምግባሩ የሚያስገድደው

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ አያት፣ ከገርጂ እስከ ቦሌ አራብሳ ባለው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የሕፃናት ጉዳይ ባለሙያ ወደ ቤት ሊመጣ መሆኑ ሲሰማ ሁለት ዓይነት ሥጋት ይነሣል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ «ልጄን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ይፈራል። ጎረቤት ደግሞ ያየውን ቢናገር ጠላት እንደሚያፈራ ያስባል። ሁለቱ ሥጋቶች ሲደመሩ ሕፃኑ ያለ ጠባቂ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ ባለሙያው ምን ሥልጣን እንዳለው፣ ምን ማድረግ እንደማይችል፣ ተገልጋዩስ ከእርሱ ምን መጠየቅ እንደሚገባው ያብራራል።

በዕለት ተዕለት አነጋገር ሕፃን ስንል ጡት ያልጣለ ልጅ ይታየናል። በሕግ ግን ዕድሜው አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሰው ሁሉ ሕፃን ነው፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣትም የዚህ ጥበቃ ባለመብት ነው። አገልግሎቱ የሚጀምረው በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች ተከፍሎ ከተቋቋመ ወዲህ በአያት፣ በየካ አባዶና በቦሌ አራብሳ የሚኖሩ ነዋሪዎች ጉዳያቸውን የሚያቀርቡት በለሚ ኩራ ሥር ባሉ ወረዳዎች ነው። ይሁንና በአደጋ ላይ ያለ ልጅ ይዞ ወይም ስለ እርሱ ሊናገር የመጣን ሰው «ወረዳዎ አይደለም» ብሎ መመለስ ተገቢ አይደለም። ጥቆማውን ተቀብሎ ለሚመለከተው ወረዳ ማስተላለፍ የተቀባዩ ጽሕፈት ቤት ሥራ ነው።

የሕጉ መሠረት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በሕይወት የመኖር፣ ስምና ዜግነት የማግኘት፣ ወላጆቻቸውን ወይም ሕጋዊ አሳዳጊዎቻቸውን የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት፣ ከጉልበት ብዝበዛ የመጠበቅ፣ በትምህርት ቤቶችና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ሕፃናትን የሚመለከት ማንኛውም እርምጃ ሲወሰድ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዛል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለች ሲሆን፣ የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርንም በአዋጅ ቁጥር 283/1994 አጽድቃለች።

እነዚህ ድንጋጌዎች በወረቀት ብቻ የቀሩ አለመሆናቸውን የሚያሳይ አንድ ፍርድ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 ባየው ጉዳይ፣ እናቱ የሞተችበትን ሕፃን ያሳደገችው አክስት ስትሆን ልጁን ሳያሳድግ የኖረው አባት በኋላ ሞግዚትነቱን ይጠይቃል። የሥር ፍርድ ቤቶች አባትነትን መሠረት አድርገው ለእርሱ ወሰኑ። ሰበር ሰሚ ችሎቱ ግን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36ንና ኮንቬንሽኑን ጠቅሶ፣ የሕጉ ቃል የሚተረጐመው የሕፃኑን ጥቅም በሚያስቀድም መንገድ ነው በማለት ውሳኔውን ለውጧል። የሰበር ችሎት የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ በመሆኑ፣ ዛሬ በቦሌ ምድብ ችሎት ስለ ልጅ አስተዳደግ የሚከራከሩ ወገኖች ሁሉ ይህንን ሊያውቁት ይገባል። «የእኔ ደም ነው» የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ የመጨረሻው ቃል ግን አይደለም።

ባለሙያው ልጅ ሊወስድ ይችላልን?

በራሱ ውሳኔ አይችልም። ወላጅን ከአሳዳሪነት ወይም ከሞግዚትነት መሻር የፍርድ ቤት ሥልጣን ነው። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9ም ሕፃን ከወላጆቹ ፈቃድ ውጪ የሚለየው ሥልጣን ባለው አካል፣ በሕግ አግባብና በፍርድ ሊታይ በሚችል ውሳኔ ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የልጁ ሕይወት ወይም አካል ለአስቸኳይ አደጋ በተጋለጠ ጊዜ ባለሙያው ፖሊስን ይጠራል፤ ጉዳዩም ሳይዘገይ ለፍርድ ቤት ይቀርባል።

ድህነት ብቻውን ልጅን ከቤተሰብ ለመለየት ምክንያት አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2009 ያጸደቀው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ይህንን በግልጽ ያስቀምጣል። በአገራችንም በአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያው መሠረት ቅድሚያ የሚሰጠው ልጁ በራሱ ቤተሰብ ወይም በዘመዶቹ ዘንድ እንዲያድግ ማድረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የአደራ ቤተሰብና ጉዲፈቻ ይታያሉ። የማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻው አማራጭ ነው። በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት አራት ልጆች የምታሳድግ እናት ባለሙያ ቢጎበኛት፣ የባለሙያው ተግባር ቤተሰቡ የከተማ ሴፍቲኔትን፣ የትምህርት ቤት ምገባንና የጤና መድኅንን የመሳሰሉ ድጋፎች ማግኘት ይችል እንደሆነ አጣርቶ ማገናኘት ነው። የቤቱን ጥበት እንደ ጥፋት የሚመዘግብ ባለሙያ ሥራውን አላወቀም።

ወደ ቤት የሚመጣ ባለሙያ የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ያሳያል፣ የመጣበትን ምክንያት ያስረዳል። ጥቆማ አቅራቢው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም፤ አሳዳጊውም ይህንን እንዲገልጽ ሊያስገድደው አይገባም። ልጁን ብቻውን ለማነጋገር መጠየቁ እንደ ስድብ መታየት የለበትም። ልጅ በደል አድራሹ ፊት እውነቱን ይናገራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

«እንደ ልጄ ነው የማሳድጋት»

በዚህ የከተማዋ ክፍል በቪላዎችም ሆነ በኮንዶሚኒየሞች ውስጥ፣ ከገጠር «ትማራለች» ተብላ የመጣች የዘመድ ወይም የዘመድ ዘመድ ልጅ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም። ከእነዚህ መካከል በእውነት ተምረው ለቁም ነገር የበቁ ብዙ ናቸው። ሌሎች ደግሞ ከሁሉ በፊት ተነሥተው ከሁሉ በኋላ የሚተኙ፣ ደመወዛቸው «ለእናትሽ ይላካል» ተብሎ የሚቀር፣ የትምህርት ቤት ደብተራቸው ከዓመት ዓመት ባዶ የሆነ ልጆች ናቸው። ልዩነቱ የሚታወቀው በቤቱ ልጆችና በእርሷ መካከል ባለው ልዩነት ነው፤ ማን ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ማን ሲታመም ሐኪም ያያል፣ ማን ከማን ጋር ማዕድ ይቀርባል?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ከአሥራ አምስት እስከ አሥራ ስምንት ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች የቀን ሥራም ከሰባት ሰዓት እንዳይበልጥ ይወስናል። ይህ አዋጅ በመኖሪያ ቤት ውስጥ የሚሰጥ የግል አገልግሎት ላይ አይሠራም። ክፍተቱ እውነተኛ ነው፤ ይሁንና ቤቱን ከሕግ ውጪ አያደርገውም። የሕገ መንግሥቱ የብዝበዛ ክልከላ ለሁሉም ይሠራል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ደግሞ ሕፃን የሚያሳድግ ወይም በኃላፊነቱ ሥር የያዘ ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቢያጐሳቁል፣ ከአቅም በላይ ቢያሠራ ወይም ቢደበድብ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ያው አንቀጽ ሕግን ሳይጥስ ለመልካም አስተዳደግ የሚደረግ ተግሣጽን ከቅጣት ውጪ ያደርጋል፤ ብዙ አሳዳጊዎችም የሚይዙት ይህንን የኋለኛውን ክፍል ብቻ ነው።

እንዲህ ያለች ልጅ ስትገኝ የባለሙያው ፈተና ይጀምራል። በዚያው ቀን ላምበረት መናኸሪያ ወስዶ አውቶቡስ ላይ ማሳፈር ቀላል ነው፤ ቤተሰብን ማገናኘት ግን አይባልም። በቅድሚያ ቤተሰቧ ይፈለጋል፤ ለምን እንደላኳት ይጠየቃል። በትውልድ ቀዬዋ ያለዕድሜ ጋብቻ ይጠብቃት እንደሆነም ይጣራል። የአካባቢው አቻ ጽሕፈት ቤት ተቀብሎ እንዲከታተል ይደረጋል። የእርሷ ፈቃድና ሐሳብ በዕድሜዋና በብስለቷ ልክ ይደመጣል። ባለሙያው የማይፈጽመውን ተስፋ መስጠት የለበትም፤ ከዚህ በፊት በተስፋ የመጣች ልጅ በሁለተኛ ተስፋ መጎዳት አይገባትም።

ምስጢርና ወሰኑ

በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፉት አሥራ ሁለት የሥነ ምግባር መርሆዎች አንዱ ምስጢር ጠባቂነት ነው። ለሕፃናት ጥበቃ ባለሙያ ግን ይህ ከመርሆ በላይ ነው፤ የወንጀል ሕጉም የሙያ ምስጢርን አሳልፎ መስጠትን ይቀጣል። ምስጢር የሚባክነው ብዙውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በግዴለሽነት ነው። ለግቢው ጥበቃ «ልጅ ተደበደበ የተባለበት ብሎክ የቱ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ገና ደረጃውን ሳይወጣ ምስጢሩን አውጥቶታል። መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትቶ ለምሳ የወጣም እንዲሁ።

ፎቶግራፍን በሚመለከት ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በበዓል ሰሞን ደብተርና ልብስ ሲታደል የልጆችን ፊት ከነስማቸው በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ የተለመደ ሆኗል። ድጋፉ የሚመሰገን ነው፤ ሥዕሉ ግን ልጁ ካደገም በኋላ ይከተለዋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። አሳዳጊ ልጁ ፎቶ እንዳይነሣ መጠየቅ ይችላል፤ በዚህም ምክንያት ድጋፍ ሊከለከል አይገባም።

ምስጢር ወሰን አለው። ልጁ በአደጋ ላይ መሆኑ ከታወቀ ባለሙያው ያወቀውን ለፖሊስ፣ ለሐኪም ወይም ለፍርድ ቤት፣ በሚያስፈልገው መጠን፣ ያካፍላል። ስለዚህ ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪ» ሲል «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል መግባት ስሕተት ነው። ትክክለኛው መልስ «አንተን ለሚጠብቁ ሰዎች ብቻ እናገራለሁ፤ ከመናገሬም በፊት ለአንተ እነግርሃለሁ» የሚለው ነው።

በተለይ የወሲብ ጥቃት ጥርጣሬ ሲኖር ጊዜ ዋጋ አለው። ልጁን ወይም ልጅቱን ሳያጥቡ፣ ልብሱን ሳያጥቡ፣ ደጋግመው ሳይጠይቁ ወደ ሕክምና መውሰድ ያስፈልጋል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባለው የተቀናጀ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሕክምናው፣ የፖሊስ ምርመራውና የዐቃቤ ሕግ ሥራው በአንድ ቦታ ስለሚከናወን ልጁ ታሪኩን በየበሩ ለመድገም አይገደድም። በፍርድ ቤትም ለሕፃናት በተዘጋጁ ችሎቶች ልጁ ተከሳሹን ፊት ለፊት ሳያይ ከሌላ ክፍል በቪዲዮ ቃሉን ይሰጣል። ዕድሜው አሥራ ሦስት ዓመት ባልሞላ ሕፃን ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ጥቃት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ከአሥራ ሦስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል። ይህን በሽምግልና መጨረስ አይቻልም። ሽማግሌ መላክ የሚያዋጣበት ጉዳይ ብዙ ነው፤ ይህ ግን ከእነዚያ ውስጥ አይደለም፤ እርቁን ያመቻቸ ባለሙያም ሙያውን ክዷል።

አድሎና ጥቅም

አገልግሎቱ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነው። ባለሙያው ገንዘብም ሆነ ስጦታ አይቀበልም፤ ዘመዱ ወይም ወዳጁ ያለበትን ጉዳይ ለሌላ ባለሙያ ያስተላልፋል። በእጁ ያለፈችን ልጅ በቤቱ ሠራተኛ ማድረግ፣ «ማረፊያ እስክታገኝ» በሚል ሰበብም ቢሆን፣ ፈጽሞ የተከለከለ ሊሆን ይገባል። በቦሌ ሚካኤል አካባቢ እንዳሉት የሶማሊኛ ተናጋሪ ስደተኛ ቤተሰቦች አማርኛ የማይችል ልጅ ሲኖር አስተርጓሚ ይፈለጋል፤ የሚጠረጠረው ሰው ወይም የቅርብ ዘመዱ ሊያስተረጉም አይችልም። የስደተኛ ልጅም፣ በመገናኛ አደባባይ ዙሪያ የሚያድር ልጅም፣ የዲፕሎማት ጎረቤት የሆነ ልጅም በሕጉ ፊት እኩል ነው።

ጉዲፈቻን በተመለከተ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የውጭ አገር ጉዲፈቻን አስቀርቷል። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አድራጊ ቢያንስ ሃያ አምስት ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ስምምነቱም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። «ልጅዎን ውጭ አገር እናሳድግልዎታለን» የሚል ደላላ ቢመጣ ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል።

በባለሙያው አሠራር ቅር የተሰኘ ተገልጋይ በመጀመሪያ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለክፍለ ከተማውና ለከተማው ቢሮ በጽሑፍ አቤት ማለት ይችላል። ከአስተዳደር በደል አንፃር የኢትዮጵያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከመብት ጥሰት አንፃር የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አቤቱታን ያለ ክፍያ ይቀበላሉ። አቤቱታው ባለሙያው የመጣበትን ቀን፣ የተናገረውንና የጻፈውን ወረቀት ካለ ቢያካትት ማጣራቱን ያፋጥናል።

ለጥቆማ የልጁን ሙሉ ስም ማወቅ ግዴታ አይደለም፤ ቦታውን፣ የታየውንና መቼ እንደታየ መግለጽ ይበቃል። አደጋው በዚያው ሰዓት የሚታይ ከሆነ ወረዳው እስኪከፈት ሳይጠበቅ ለፖሊስ በ991 ይደወላል። ለሌሎች ጉዳዮች ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲመጡ የልጁን የልደት ምዝገባ ማስረጃ መያዝ ሥራውን ያቀላል። ልደት በዘጠና ቀናት ውስጥ መመዝገብ ያለበት ቢሆንም፣ ማስረጃው የሌለው ልጅ አገልግሎት አይከለከልም፤ ምዝገባውን ማስፈጸምም ባለሙያው ከሚያግዝባቸው ሥራዎች አንዱ ነው።